ልጆቹ በሞት ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። የሞተ ሰው አልነበረም። የነፋው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የተነፋውም ተማሪዎች ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ዜማ አውጥተው ያዘጋጁት ሙዚቃዊ ቴአትር መጀመሩን ለማብሰር ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት እናቶች ድምፁ ጆሯቸው እንደገባ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እጃቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ነበር። ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁና ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የማከብራቸው አንድ ጎረቤቴ አስቆሙኝ። እሳቸውም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ግን እስከ መጨረሻው አልቆዩም። «ልጄ፣ አንተ እስከ ማብቂያው ተቀምጠህ ስትስቅ ነበር አሉ። በሞት ይቀለዳል? ይህ አገር ስንቱን ቀብሯል። ገና ድንኳኑ ሳይነሳ እንዴት ይሳቅበታል?» አሉኝ። በመንገድ ላይ ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ደካማ ነበር። ጥያቄያቸው ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በሳምንቱ ውስጥ ከሌሎች ሦስት ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ደህና አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ አርባ ዓመት ሙሉ የእድር መዋጮ ከፍለዋል። ባለቤታቸው አርፈዋል። ወንድ ልጃቸው አዲስ አበባ ይኖራል፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱ ግን አባቱን ካየ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ሽማግሌው ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጠው ቀና ሲሉ የእድሩ ድንኳን ተቀዷል፤ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ያን ጊዜ ብድግ ብለው ለእድሩ ሰብሳቢ ጥያቄ ያቀርባሉ፦

«አርባ ዓመት ከፈልኩኝ፣ ሳልዘል አንድም ወር፤
ድንኳኔን ልየው እንጂ፣ በቁም ሲወጠር።»

በቀጣዩ ትዕይንት የእድሩ ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ አዳራሹ ሆዱን ይዞ የሳቀውም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ በዜማ ታነበዋለች። አባል ሲሞት ስንት ብር እንደሚከፈል፣ ስንት አግዳሚ ወንበር እንደሚወጣ፣ ከቀብር የቀረ ስንት እንደሚቀጣ ሁሉም ተጽፏል። ቀብር የሚጠይቀው ሰው አስቀድሞ መሞት አለበት የሚል አንቀጽ ግን የለም። ገንዘብ ያዡ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆኗል፤ የድንኳን ማሠሪያው ብር የት እንደገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና ማንም ድንኳኑን ቀረብ ብሎ እንዲያየው አይፈልግም። ከብዙ ክርክር በኋላ «የሙከራ ቀብር» እንዲደረግ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል። ኮሚቴው ውሳኔውን ሲያጸድቅ ስምንት ልጆች በምንጃር ጭፈራ መድረኩን ሞሉት። የምንጃርን አጨፋፈር የምታውቁ፣ ትከሻና እግር በአንድነት ሲነሳ ምን ዓይነት ደስታ እንደሚፈጥር ታውቃላችሁ። ያ ደስታ ለቀብር ዝግጅት ሲውል ማየት ደግሞ አንጀት ውስጥ የሚገባ እንግዳ ነገር ነው፤ ትስቃለህ፣ መልሶም ይቆረቁርሃል።

ከዚያ አልቃሿ መጣች። ይህችን ልጅ አልረሳትም። ረዘም ያለች፣ ድምፀ ወፍራም፣ በባቲ ቅኝት የአገልግሎቷን ዋጋ ትዘረዝራለች፦

«በሃምሳ እንባ አለኝ፣ በመቶ ደረት፤
በሁለት መቶ ብር፣ እወድቃለሁ መሬት።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ፈትሸው «ሠላሳ ብር ነው ያለኝ» ሲሏት፣ «እንግዲያው አንገቴን ደፍቼልዎት እሄዳለሁ» ብላ አንገቷን ደፋች። አዳራሹ ፈረሰ።

ይህ ሁሉ ሳቅ ወዴት እየወሰደን እንደነበር የገባኝ ልጁ ሲመጣ ነው። ወሬው በስልክ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ማንም «ሙከራ ነው» ብሎ አልነገረውም። እያነባ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ አባቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ንፍሮ ይዘግናሉ። ሽማግሌው አልተነሱም፤ እቅፍም የለም። «ለኑሮዬ ስድስት ዓመት ዘገየህ፤ ለሞቴ ሦስት ሰዓትም አልፈጀብህ» አሉት። ማሲንቆው ትዝታ ጀመረና አባትና ልጅ እየተቀባበሉ ዘፈኑ። ማሲንቆ የያዘው ልጅ ክሩን ገና የነካው እስኪመስል ድረስ ዝግ አድርጎ ነበር የሚጫወተው፤ እንዲህ የሚጫወት በዚያ ዕድሜ አላየሁም። ከደብረ ብርሃን ሰው ልጁን ለአዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ለዓረብ አገር ያልሰጠ ማን አለ? ከጎኔ የተቀመጡት አባት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

ጎረቤቴ ከአዳራሹ የወጡት ከዚህ በፊት፣ አልቃሿ ዋጋ ስትጠራ ነው። እስከ መጨረሻው ቢቆዩ ኖሮ ብዬ አሁንም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ክፍል ለጥያቄያቸው ከእኔ የተሻለ መልስ ነበረው። ወራት አልፈው ሽማግሌው የእውነት ይሞታሉ። ሌሊት ነው፣ ውርጭ ነው። ጡሩምባ ነፊው ወጥቶ ይነፋል። ጎረቤቱ ሁሉ በየቤቱ ሆኖ «ደግሞ ሙከራ ሊያደርጉ ነው» እያለ በኅብረት ይዘምርና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። ከቀብሩ የተገኙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጡሩምባ ነፊውና ያቺ ዋጋ የምትጠራው አልቃሽ። ገንዘብ አልጠየቀችም። የዘፈነችው ሙሾ ግጥም አልነበረውም፤ ድምፅ ብቻ ነው።

ከቀብር በኋላ እድር ስም እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፤ የቀረ ይቀጣል። ጡሩምባ ነፊው መዝገቡን ገለጠና ለባዶው መድረክ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ ስም ጠራ፤ ዝም። ሁለተኛውን ጠራ፤ ዝም። ልጁ ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ ሳይቸኩል፣ በየስሙ መካከል የሰውን እስትንፋስ ያህል ጊዜ እየሰጠ ነበር የሚጠራው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አዳራሹ ማሞቂያ የለውም፤ ስም በጠራ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት በመብራቱ ውስጥ ይታይ ነበር። አራተኛው ስም ሲጠራ ከኋላ ወንበር አንድ የሴት ድምፅ «አቤት!» አለ። አምስተኛው ሲጠራ ሦስት ሰዎች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስም አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። እኔም «አቤት» ብያለሁ፤ ድምፄ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ይህ በሙት ማላገጥ ከሆነ ሙትን ማክበር ምን እንደሚመስል አላውቅም።

የጎረቤቴን ሐዘን አልንቅም፤ የሚናገሩት ከሩቅ ሰምተው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ይህች ከተማ እንዴት እንዳደረች አብረን አይተናል። ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን እዚሁ በመጠለያ ይኖራሉ። ከዚያ ወዲህም ሰላም አላደርንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞትን መድረክ ላይ ማውጣት ቁስል መንካት ነው የሚለው ስጋት ከፍቅር የመነጨ ነው። እኔ ግን ልጆቹም እዚያው ውርጭ ውስጥ፣ እዚያው ጡሩምባ ሥር እንዳደጉ አስባለሁ። ዕድሜያቸው አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ነው። ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል፣ አግዳሚ ሲሸከሙ፣ ንፍሮ ሲያዳርሱ ነው የከረሙት። ሐዘኑ የእነሱም ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩትም መምረጥ ይችላሉ።

ደግሞስ ሳቅና ለቅሶ በኛ ቤት መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? ሣልስቱ ሳይደርስ ለቅሶ ቤት ካርታ ይጫወቱበታል። ሐዘንተኛውን ለማጫወት ጨዋታ አዋቂ ሰው ተፈልጎ ይመጣል፤ የሟቹ የልጅነት ጥፋት ሁሉ ይወራል፤ ሐዘንተኛዋ ሳትፈልግ ፈገግ ስትል ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። ልጅ ሆኜ ሰላ ድንጋይ አካባቢ ያየኋት አንዲት አልቃሽ አለች። ሙሾ ስታወርድ ሟቹን አሞግሳ ስታበቃ ዘወር ትልና ገና ሬሳው ሳይወጣ ስለ መሬት የሚንሾካሾኩትን ወራሾች በሰምና ወርቅ ትወጋቸው ነበር። የገባቸው አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም። ወራሾቹ ሊከሷት አይችሉም፤ ሰሙ ምስጋና ነውና። በዚያ መድረክ ላይ ዋጋ የጠራችው ተማሪ የዚያች ሴት የልጅ ልጅ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ዘመዷ ባትሆንም ሙያዋን ወርሳለች።

ቴአትራችን ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ እዚሁ ሸዋ ተወልደው ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ የመረጡት ኮሜዲ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱም አውሬዎች ናቸው። አውሬዎቹ ሲናገሩ ሹማምንቱ ራሳቸውን አዩበትና ተውኔቱ ታገደ። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤ አስተማሪ ነበሩ፤ ተውኔትና መዝሙር አብረው ይደርሱ ነበር፤ ተዋናዮቻቸውም የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸው ነበሩ። አገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የተማሪ መድረክ ቀድሞት ነበር። እንግዲህ ተማሪ፣ ዜማና የሚወጋ ሳቅ በአንድ መድረክ መገናኘታቸው ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ሌላውም ዓለም ቢሆን ልጆቹን ከጨለማ ታሪክ አይከለክልም፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው፣ ደንበኞቹን በምላጭ ስለሚገድል ፀጉር አስተካካይ የሚተርከው ስዊኒ ቶድ የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ለትምህርት ቤቶች ተብሎ የተዘጋጀ ቅጂ አለው፤ ተማሪዎችም ይጫወቱታል።

እንከን አልነበረውም አልልም። ሁለተኛው ክፍል ይረዝማል፤ የገንዘብ ያዡ ዘፈን ሁለት ጊዜ መደገሙ አላስፈለገም። የድምፅ ማጉያው ኪቦርዱን ከፍ አድርጎ ግጥሙን ዋጠው፤ ማሲንቆና ከበሮ ብቻ በነበሩበት ጊዜ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። በሚቀጥለው ኪቦርዱን ቢተዉት ምክሬ ነው። ልጁን የሠራው ተማሪ ደግሞ ከመጠን በላይ አልቅሷል፤ አባትየው ዝም ብለው ንፍሮ ሲዘግኑ ያስለቀሱንን ያህል የእሱ እንባ አላስለቀሰንም።

እጅግ ያናደደኝ ግን የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ከስም ጥሪው በኋላ መብራቱ ሲጠፋ አዳራሹ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አንድ መምህር ማይክ ይዘው ወጡና «ከዚህ ቴአትር የምናገኘው ትምህርት» ብለው አምስት ነጥብ ዘረዘሩ፤ ወላጆቻችንን እንጠይቅ፣ የእድር ገንዘብ በአግባቡ ይያዝ፣ እያሉ። ሁሉም ነጥብ እውነት ነው። አንዱም ግን አላስፈለገም። በደቂቃዎች ውስጥ ያ ከየጉሮሯችን ተጣብቆ የነበረው ነገር ተሟሟና ሰው ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ይህ ልማድ የመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ያሳደግነው ነው። በትምህርት ቤት ድራማ ማለት ለብዙ ዓመት የክበባት ድራማ ነበር፤ የኤች አይ ቪ ክበብ፣ የፀረ ሙስና ክበብ፣ የጤና ክበብ። የመጥፎው ልጅ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ ጥሩዋ ልጅ ትመረቃለች፣ ተራኪው ወጥቶ «ስለዚህ» ይላል። እነዚያ ድራማዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ስለ በሽታው ባልተወራበት ጊዜ አውርተዋል። ግን ትውልዱን በሙሉ ቴአትር ማለት የተሸፈነ ምክር ነው ብለን አስተማርነው። «አስተማሪ ነው» የሚለውን ቃል ትልቁ ሙገሳ አደረግነው። አንድ ነገር ለምን ይደረጋል ተብለን ስንጠየቅ «ስላስደሰተን» ብሎ መመለስ አሳፋሪ ሆነ። እኔ ቅዳሜ ማታ እዚያ አዳራሽ የተቀመጥሁት ደስ ብሎኝ ነው። ግጥሙ ሲገጥም ደስ ብሎኛል፤ ጭፈራው ደስ ብሎኛል፤ ልቤ ሲሰበርም እንኳ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች በከተማዬ እንዳሉ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ይህ ደስታ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

አሁን ልጆቹ ሥራቸውን ይዘው ወደ ደብረ ሲና፣ ቢቻል እስከ መሐል ሜዳ መሄድ ይፈልጋሉ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለት ነው፤ ይህን «ከሆነ» ሳይጨምሩ ጉዞ ማቀድ ከተውን ቆየን። ለጊዜው እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ጠባሴም ሌላውም ሰፈር እየዞሩ ቢያሳዩ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድላቸው ቦታ ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለፈተና ተይዟል፤ ሌላው አዳራሽ ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ነው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ነገር እየመላለስሁ አስባለሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ በየሰፈሩ ድንኳን አለ። አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሁለት መቶ ሰው ያስቀምጣል። የሚተክለውም የሚነቅለውም ወጣት አለ። ባለቤቶቹ እድሮቻችን ናቸው። ድንኳኑ ለሐዘን ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ያው ድንኳን ቅዳሜ ለሠርግ ሲከራይ ኖሯል። እነዚህ ልጆች ስለ እድር ዘፍነዋል፤ የእድርን ጡሩምባ፣ የእድርን ደንብ፣ የእድርን ስም ጥሪ መድረክ ላይ አውጥተዋል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ለእነሱ ቢተከልስ? ብርዱን ድንኳኑ ይከላከላል። ድንኳኑ ቢቀደድም ለታሪኩ ይስማማል።

ይህን ለእድራችን ሰብሳቢ ነግሬያቸዋለሁ። «በአጀንዳ ይያዝ» አሉኝ። ስብሰባው በጥር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጎረቤቴም ይመጣሉ፤ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ስሜ ሲጠራ አቤት ካልሁ በኋላ እጄን አወጣለሁ።